ተናካሹ ዩኒፎርም

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው «ሜትሩ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት መለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ስለማትለይ ነው፤ ምሳ ሲበላም፣ ሐኪም ቤት ሲሄድም አንገቱ ላይ ናት። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሠርግ ላይ ከክራባቱ ጋር ተደርባ ታይታለች። እጁ ግን የተባረከ ነው። አቅራቢያው ያለው ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ዩኒፎርም የሚያሰፋው እሱ ዘንድ ስለሆነ፣ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ደጁ ላይ ሲቆም በመንገዱ የሚያልፈው ሰማያዊ ሰልፍ በሙሉ የእጁ ሥራ ነው። ኮሌታው ቀጥ ያለ፣ ቁልፉ የማይረግፍ፣ ጠርዙ የማይተረተር። እያንዳንዱ ልብስ አንገቱ ላይ ከውስጥ በኩል ጥፍር የምታህል ጨርቅ አለችው፤ ጨርቋ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈች መቀስ። ያቺ መቀስ የሜትሩ ፊርማ ናት።

ያን ሁሉ ሕፃን ያለበሰ ሰው ታዲያ አንዲት ልጅ ማልበስ አቃተው። እሷም የገዛ ልጁ ናት።

ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ከመዳፍ የማትበልጥ ስለነበረች «ቁንጣሪ» ተባለች፤ ስሙም እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ቀረ። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ምላሷ ስል ነው፤ ያየችውን አትረሳም። ከልብስ ጋር ግን ዓይንና ናጫ ናቸው።

ጠዋት ጠዋት የሜትሩ ቤት የጦር ሜዳ ነው። የቁንጣሪ እናት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ስለሆነች ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ውጊያው የሚወድቀው አባትየው ትከሻ ላይ ነው።

«ካልሲው ነከሰኝ» ትላለች ቁንጣሪ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ።

«ጨርቅ ጥርስ የለውም።»

«ይሄኛው አለው። እዚህ ጋ፣ ትንሿ ጣቴ ላይ።»

ሜትሩ ካልሲውን ገልብጦ ያየዋል። ጫፉ ላይ ከክር የማይወፍር ስፌት ነው ያለው፣ በቃ። ያጠልቅላታል፤ ታወልቃለች። ደግሞ ያጠልቅላታል፤ ደግሞ ታወልቃለች። አራተኛው ላይ የሱ ድምፅ ከፍ ይላል፤ አምስተኛው ላይ እሷ ታለቅሳለች፤ ስድስተኛው ላይ ካልሲው ተገልብጦ ስፌቱ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠለቅና እርቅ ይወርዳል። ያኔ ደግሞ ሸሚዙ ተራውን ይጠብቃል።

ሸሚዙን በግድ ለብሳ ትወጣለች። ትምህርት ቤት እንደደረሰች ግን በቀጥታ መፀዳጃ ቤት ገብታ ትገለብጠዋለች። ስፌቱ፣ የኪሱ ገበር፣ የተንጠለጠለው ክር ሁሉ ውጭ ይወጣል፤ ቀይዋ መቀስም ማጅራቷ ላይ ተሰጥታ አገር ያያታል። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ሜትሩ የሰፈሩ ሁሉ መሳቂያ የሆነው።

«አንተ ሜትሩ» አለው አንድ ቀን ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ፣ በሩ ላይ ተደግፎ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ስለ አንተ ነው?»

«አንተ ደግሞ ለመሳቅ የመጀመሪያው ነህ። ማሽንህን ስታስነሳ ልጅቷ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ የሮጠችው የማንን ሱቅ ጥላ ነው?»

«እሱስ ልክ ነህ» አለ ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን እየነቀነቀ። «ፎጣዬን አንገቷ ላይ አስራ ነው የሮጠችው። እስካሁንም አልመለሰችልኝ።»

ተሳሳቁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ርእሰ መምህርቷ አስጠራችው። ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ ወረቀቱ ሁሉ በመስመር የተደረደረ፣ እርሳሶቹ እኩል የተቀረጹ። እሷም እንደ ቢሮዋ ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን የተጣመመ ነገር እንቅልፍ ይነሳታል።

«ልጅዎት ጎበዝ ናት፤ ይህን ማንም አይክድም» ብላ ጀመረች። «ግን ደወል ሲደወል ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ሰልፍ ላይ ከኋላዋ ያለው ልጅ ጫፏን ሲነካት እንደተቃጠለ ሰው ትጮኻለች። ዩኒፎርሙን ነገርማ እርስዎም ያውቁታል። ሌላ ወላጅ ቢሆን ልብሱ ጠቦ ይሆናል እል ነበር። እርስዎ ሰፍተውት የእርስዎ ልጅ ካልለበሰችው እኔ ለሌላው ወላጅ ምን ብዬ ልንገር?»

ሜትሩ ጆሮው ድረስ ቀላ። «አስተካክላለሁ» ብሎ ወጣ። መንገዱን ሁሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሄደ፤ ልጅቷን ያሞላቀቅናት እኛ ነን፣ እናቷም ሳቂታ ናት፣ እኔም ቶሎ እሸነፋለሁ፣ ይኸው ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

ማታ ላይ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሻሸች ሰማችውና «ሞልቃቃ ብትሆን አሻንጉሊት ትጠይቅ ነበር» አለች። «እቺ ልጅ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እንዳያማት።»

«ሸሚዝ ያማል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ልብስ ሰፊው አንተ ነህ።»

ሜትሩ በነገሩ አልተረታም። እልህ ያዘው። ካለው ጨርቅ ሁሉ ጠንካራውንና የማይጨማደደውን መርጦ አዲስ ዩኒፎርም ሰፋላት፤ ኮሌታውን በወፍራም ገበር አቆመው፣ በካውያ እስኪያብለጨልጭ ተኮሰው። ሲጨርስ ቁንጣሪን አስቀምጦ ትምህርት ቤት የተባለውን ሁሉ ነገራት። ሰዎች እንደሚስቁም ነገራት። እንደ ትልቅ ሰው ነው የነገራት። እሷም እንደ ትልቅ ሰው ሰማችውና «እሺ አባዬ» አለች።

በማግስቱ ያለ ውጊያ ለበሰች። ሳትገለብጠው ዋለች። ፀጉር አስተካካዩ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አይቷት በሁለት እጁ አጨበጨበ፤ ሜትሩም ደረቱ ተነፋ። ቁንጣሪ ግን እንደ ልማዷ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ ወሬ አልጀመረችም። ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ሸሚዙን አወለቀች።

ሜትሩ ተከትሏት ገባ። አንገቷ ዙሪያውን በጥፍር የተቧጠጠ ሆኖ ቀልቷል፤ ብብቷ ሥር ያለው ቆዳ አብጧል። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያግዝ የዋለ ሰው ነው የምትመስለው።

«ምነው ልጄ! እንዲህ ከሆነ ለምን አልገለበጥሽውም?»

«ሰው እንዳይስቅብህ ብዬ ነው» አለች ቁንጣሪ። «ግን አባዬ፣ ነገም እንዲሁ ነው? ነገ የምችለው አይመስለኝም።»

ሜትሩ ሸሚዙን አንስቶ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ጠንካራ፣ ቀጥ ያለ፣ እንከን የማይወጣለት ሸሚዝ። በሕይወቱ ሥራውን ሲጠላ ያ የመጀመሪያው ነበር። «ነገ የለም» አላት። «ነገ በአሮጌው ሹራብሽ ትሄጃለሽ፤ የሚመጣውን እኔ እችለዋለሁ።»

በሳምንቱ መጨረሻ አንዲት ደንበኛ ካፖርት ይዛ መጣች። ጠይም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ ልጆችን በጨዋታና በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ። ካፖርቱ ረዝሞባት እንዲያሳጥርላት ነው የመጣችው። ሜትሩ እጁን ዘርግቶ ሊቀበላት ሲል ጨርቁን አየና እጁን መለሰ።

«ይቅርታ፣ ከፋይ ጨርቅ አልሰፋም።»

«ለምን? ያስቸግራል እንዴ?»

ሜትሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ አያጣም፤ ሁልጊዜ «መኪናዬ አይችለውም» ነው የሚለው። የዚያን ቀን ግን ልቡ ደክሞት ስለነበር እውነቱ አመለጠው።

«ልንገርዎት? ስነካው ሰውነቴን ይወረኛል። ፀጉሩን በተቃራኒው ከዳበስኩትማ ጥርሴ ሁሉ ይፋጫል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ሰዉ ሁሉ ለስላሳ ነው ይላል፤ ለእኔ ግን…» ቃሉ ጠፋው።

«ይናከሳል» አለ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ድምፅ።

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አየች። ቁንጣሪ በወፍራም የመጋረጃ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ በሁለት ከባድ ጥቅል ጨርቆች መካከል ተሰክታ ተኝታለች፤ የምትታየው ጭንቅላቷ ብቻ ነው።

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት ሴትየዋ።

«አርፋለሁ። ከባድ ነገር ሲጫነኝ ደስ ይለኛል። ዛሬ ሰፈሩ በጣም ይጮኻል።»

ሴትየዋ ቀና ብላ ሜትሩን አየችው። ሜትሩ ቆሞ ቀርቷል። ከልጁ አፍ የወጣችው ቃል የራሱ ቃል ናት፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልጋት የነበረች ቃል። «ይናከሳል» አለ ቀስ ብሎ፣ እንደሚቀምሳት። «አዎ። ልክ እንደሱ ነው። ይናከሳል።»

ከዚያ ሴትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስለ ድምፅ ጠየቀችው፤ የትምህርት ቤቱን ደወል ነገራት። ስለ ፀጉር መቆረጥ ጠየቀችው፤ የፎጣውን ታሪክ ነገራት፤ ሳቀች።

«ቀስ ብለው ሲነኳትስ?»

«ትዘላለች።»

«ጠበቅ አድርገው ሲያቅፏትስ?»

«እናቷ አጥንቷ እስኪንቋቋ ነው የምታቅፋት። እሷ ግን "ጨምሪ" ነው የምትለው።»

«እንግዲህ ሳልመረምራት ይህ ነው ብዬ አልፈርድም» አለች ሴትየዋ። «ያምጧትና እንያት። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። እርስዎ አሁን የለበሱት ሸሚዝ ገላዎን እየነካዎት ነው አይደል? አሁን ስናገር ነው ያስታወሱት። አንጎልዎ ጠዋት ሲለብሱ አንዴ አወቀና ተወው። አንዳንድ ልጆች ላይ ግን መተው የሚባል ነገር የለም። ያቺ ስፌት ቀኑን ሙሉ "አለሁ፣ አለሁ" ትላቸዋለች። ደወሉም፣ መብራቱም፣ የጎረቤቱ ማንኪያም እንዲሁ። አንዱን ነገር በጣም ይሰሙታል፤ ሌላውን ደግሞ አይጠግቡትም፤ ለዚህ ነው ከባድ ነገር የምትወደው። ሞልቃቃነት አይደለም። በሽታም ብለው አይደንግጡ። ብዙ ነገር ሊደረግ ይችላል።»

ሜትሩ ሁለቱን እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ልጄ ስንት ዓመት ሙሉ ስትነግረኝ ነበር ማለት ነው» አለ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይህ ነው።»

ሴትየዋ ካፖርቷን ልትይዝ ስትነሳ ከለከላት። «ይተዉልኝ። እሰፋዋለሁ።»

«አይቸገሩ እንጂ!»

«እሷ ቀኑን ሙሉ ከቻለችው እኔ አንድ ሰዓት ባልችለው ያሳፍራል።»

ሰፋውም። ፀጉር አስተካካዩ በመሐል ብቅ ቢል፣ ሜትሩ ጥቅል ጨርቅ በጥርሱ ነክሶ፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆት፣ እንደሚያምጥ ሰው እያቃሰተ የካፖርት ጠርዝ ይዘመዝማል። «ምን ሆንክ? መርፌ ዋጥክ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሜትሩ ጨርቁን ከአፉ አውጥቶ «ሂድልኝ፣ ትምህርት ላይ ነኝ» አለው።

ሆስፒታል በሄዱ ጊዜ እናትየውም ፈረቃ ቀይራ አብራቸው ሄደች። ክፍሉ ትራስ፣ ገመድና ትልልቅ ኳስ የሞላበት ነው። ቁንጣሪ አሸዋ የተሞላ ከረጢት እየገፋች፣ ከጣሪያው በተንጠለጠለ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልላ እየተወዛወዘች ሳለ ሴትየዋ ትጽፋለች። ስትጨርስ የገመተችው ልክ መሆኑን ነገረቻቸው፤ በየሳምንቱ እንድትመጣም ቀጠሮ ያዙ። እናትየው ሁሉን ሰምታ ሲያበቃ «ስለዚህ ጭመቂኝ ስትለኝ ልጭመቃት ነው?» ብላ ጠየቀች። «አዎ፣ እሷ ከፈለገች» ተባለች። «እንኳን ሳትነግሩኝ ጀመርኩት» አለች፣ ክፍሉ እስኪንቀጠቀጥ ስቃ። ቁንጣሪ ጆሮዋን ያዘች። እናትየው አፏን በመዳፏ ከደነችና ሳቋን ወደ ውስጥ ሳቀች።

ሜትሩ የዚያኑ ሳምንት የእሑድ ቀኑን ለምርመራ ሰጠ። ሱቁን ዘጋ፤ ያለውን ጨርቅ ሁሉ በየዓይነቱ ቆራርጦ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ቁንጣሪን ጠረጴዛው ላይ አወጣትና ዓይኗን ጨፍና በክንዷ ውስጠኛው በኩል እንድትነካቸው አደረገ፤ ፍርዱን እሱ ይጽፋል።

«ይሄ ይጮኻል» አለች የመጀመሪያውን።

«እሺ፣ ይጮኻል። ቀጥይ።»

«ይሄ ያንሾካሹካል። ጥሩ ነው። ይሄ…ቆይ…ይሄ ውሸታም ነው።»

«ውሸታም ማለት?»

«መጀመሪያ ለስላሳ ነኝ ይላል። ቆይቶ ነው የሚነክሰው።»

ሜትሩ ዓይኑን ጨፍኖ እሱም በክንዱ ሞከረው። ደግሞ ሞከረው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለትምህርት ቤቱ የሰፋው ጨርቅ ነው። «እውነትሽን ነው» አለ ተገርሞ። «ውሸታም ነው!»

አንድ የታጠበ የጥጥ ጨርቅ አሸነፈ፤ ቀለሙ ከዩኒፎርሙ ሰማያዊ አይለይም። ከዚያ ስፌቱ መጣ። ሜትሩ ስፌቱን ሁሉ ወደ ውጭ አወጣው፤ እንዲሁ ተገልብጦ እንዳይታይ ደግሞ በላዩ ላይ በዚያው ጨርቅ ጠባብ ጌጥ ሰፋበት፤ የሚያይ ሰው ሆን ተብሎ የተደረገ ፋሽን ነው የሚመስለው። ኮሌታውን ያለ ገበር ተወው፤ የካልሲዎቹንም ጫፍ ፈትቶ በእጁ ጠፍጣፋ አድርጎ ገጠማቸው። በመጨረሻ አንገቱ ጋ ደረሰ። ቀይዋን መቀስ እንደ ልማዱ ከሣጥኗ አወጣ፣ ልብሱ ላይ አስቀመጣት፣ አያት። መልሶ ሣጥኗ ውስጥ ከተታት።

ቁንጣሪ ለበሰችው። እጇን ወደ ላይ አነሳች፣ ወደ ጎን ዘረጋች፣ ዞረች፣ ቁጢጥ አለች። ሜትሩ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ሙሽራ ሲያለብስ እንኳ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«እ?»

«ዝም አለ» አለች ቁንጣሪ ፈገግ ብላ። «ምንም አይልም።»

ሰኞ ጠዋት ሜትሩ ራሱ ርእሰ መምህርቷ ዘንድ ገባ። በፌስታል ሁለት እጅጌ ይዟል፤ ሁለት እጅጌ ብቻ፣ ሸሚዝ የሌላቸው። ልጁን በመስኮቱ አሳያት፤ ግቢ ውስጥ ገመድ ትዘላለች።

«ልብሱ ያምራል» አለች ርእሰ መምህርቷ መነጽሯን አስተካክላ። «ግን ስፌቱ ውጭ ነው።»

«ውጭ ነው።»

«ዩኒፎርም ማለት እኮ አንድ ዓይነት ማለት ነው።»

«ደንቡን አምጥቼ አንብቤዋለሁ። ቀለሙን ይናገራል፣ ርዝመቱን ይናገራል፣ የቁልፉን ብዛት ይናገራል። ስፌቱ በየት በኩል ይሁን አይልም» አለ ሜትሩ። «ደግሞ እባክዎ፣ ጃኬትዎን ያውልቁና ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ።»

«ምን አሉ?»

«ሜትሬ አንገቴ ላይ ናት፤ ሥራ ላይ ነኝ። አያስቡ።»

ርእሰ መምህርቷ በሩ መዘጋቱን አየች፤ ጃኬቷን አውልቃ በእጀ ጉርድ ሸሚዟ ቀረችና ዓይኗን ጨፈነች። ሜትሩ በቀኝ እጇ የድሮውን እጅጌ፣ በግራዋ አዲሱን አጠለቀላት። «አሁን እጅዎን እያንቀሳቀሱ ይቁጠሩ። እስከ መቶ።»

ስልሳ ሳትደርስ የቀኝ ክንዷን ማከክ ጀመረች። ሰማኒያ ላይ «ይሄኛውን ያውልቁልኝ» አለች። ዓይኗን ገልጣ ሁለቱን እጅጌዎች አገላብጣ አየች፤ ከዚያ ሳታስበው የገዛ ሸሚዟን አንገት በጣቷ ላላ አደረገች።

«ለእኔም እንዲህ ያለ ይሰፉልኛል?» ብላ ጠየቀችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የደወሉን ነገር ደግሞ የክፍል ኃላፊው መምህር መላ አገኘለት። ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ብርቱካናማ መሐረብ ከኪሱ አውጥቶ ሰሌዳው ላይ ይሰቅላል። ቁንጣሪ መሐረቡን ስታይ መጽሐፏን ሰብስባ ጆሮዋን ትይዛለች። ሁለት ቀን ሳይሞላ ክፍሉ ሁሉ ተከተላት፤ አርባ ልጅ በአንድ ላይ ጆሮውን ይዞ ደወል ይጠብቃል። ደወሉ ሲደወል አርባውም «አለፈ!» ይላሉ። መምህሩ ከጓደኞቹ ጋር ሲጨዋወት «በቀን ውስጥ ክፍሌ ጸጥ የሚልባት ጊዜ ያቺ ብቻ ናት፤ ብችል በየሩብ ሰዓቱ እሰቅለው ነበር» አለ። ሜትሩም ጭኗ ላይ የምታስቀምጠው በደረቅ በቆሎ የተሞላ ከባድ ከረጢት ሰፋላት። እሱን ደግሞ ጓደኞቿ ተራ ይዘው ይዋሳሉ፤ አንዱ ልጅ በሒሳብ ፈተና ቀን ካልሰጣችሁኝ ብሎ አለቀሰ።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ ማለት አይደለም። አሁንም ካልሲ የሚነክስበት ጠዋት አለ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቀኑ ሁሉ የሚጮኽበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ ሜትሩ «ጨርቅ ጥርስ የለውም» ማለቱን መተዉ ነው። «የት ጋ ነው?» ነው የሚለው። ፀጉር አስተካካዩም ማሽኑን ትቶ በመቀስ ብቻ፣ ሱቁ ጭር ሲል ይቆርጣታል፤ ሲቆርጥ መናገር ስለማይፈቀድለት እሱ ነው የሚሠቃየው። ሱቁ ውስጥ ደግሞ አዲስ ዓይነት ደንበኛ መጣ፤ በር ላይ ቆሞ ግራ ቀኝ አይቶ የሚገባ። «የእኔም ልጅ እንደዚያ ይላል» የሚሉ እናቶች ናቸው ብዙዎቹ። አንድ ቀን በሩን ሞልቶ የሚገባ ግዙፍ የጭነት መኪና ሾፌር መጣና ስፌቱ ውጭ የሆነ ሸሚዝ አዘዘ። «የልጅዎ ቁመት ስንት ነው?» ቢለው ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና «ለራሴ ነው» አለ።

የትምህርቱ ዓመት ሲያልቅ የወላጆች ቀን ሆነ። የቁንጣሪ ክፍል የእንስሳት ጨዋታ ያሳያል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ እንስሳ ሆኖ በድምፁ ይናገራል፤ ቁንጣሪ ድመት ወይም ጥንቸል ትሆናለች ብለው ሲጠብቁ አውራ ዶሮ መረጠች። «ከሁሉ የሚጮኸው እኮ እሱ ነው!» ቢላት አባቷ፣ «እኔ ስጮኽ አይነክሰኝም፤ መቼ እንደምጮኽ አውቀዋለሁ» አለችው።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሕፃን ያለቅሳል፣ ወንበር ይንጓጓል። አንድ ሰው ድምፅ ማጉያውን ሊሞክር ሲነካካው አዳራሹን ሁሉ የሚሰነጥቅ ፉጨት አወጣ። ቁንጣሪ መድረኩ ላይ ከጓደኞቿ መካከል ቆማ ነበር። ጆሮዋን ያዘች፤ አላዋጣም። ፊቷ ገረጣ። ከዚያ ሳታለቅስ፣ ጠረጴዛ ሥርም ሳትገባ፣ ከመድረኩ ወርዳ በጎን በር ቀጥ ብላ ወጣች።

ሜትሩ ተነስቶ ተከተላት። ግቢው ውስጥ በአዳራሹ መስኮት ሥር ግድግዳውን ተደግፋ አገኛት።

«አባዬ፣ እዚያ ውስጥ አልገባም።»

«አትግቢ።»

«ግን አውራ ዶሮው እኔ ነኝ።»

ሜትሩ አጠገቧ ቁጢጥ ሲል የግቢው በር ተከፈተና እናትየው የሾፌር ልብሷን እንደለበሰች እያለከለከች ደረሰች፤ አውቶቡሷን አስረክባ በሩጫ ነው የመጣችው። ቁንጣሪ እጇን ዘረጋች። «ጭመቂኝ።» እናትየው አነሳቻትና እንደ ፎጣ ጨመቀቻት። «ጨምሪ» አለች ቁንጣሪ። ጨመረች። ቀስ በቀስ የልጅቷ ትከሻ ወረደ፤ ደሙም ወደ ፊቷ ተመለሰ።

በመስኮቱ ውስጥ ጨዋታው ጀምሯል። ላሟ እምቧ አለች፤ ውሻው ጮኸ፤ አህያ የሆነው ልጅ እንደ እውነተኛ አህያ አናፋና ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ መድረኩ ላይ ባዶውን ቦታ አየ፤ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ የሜትሩን ራስ አየ። ረጅሙ ሰው በሁለት እርምጃ ደርሶ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«አውራ ዶሯችን የታለች? አይነጋልንም እንዴ?» ብሎ ወደ ውጭ ጠየቀ።

ቁንጣሪ እናቷ ትከሻ ላይ ወጣች። ሜትሩ ከኋላ ደገፋት፣ ጠበቅ አድርጎ። አየር በደረቷ ሙሉ ሳበች።

«ኩኩሉሉሉሉ!»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ዘለለ። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸው ወደቀ። ርእሰ መምህርቷ ፕሮግራሙን የያዘችበትን ወረቀት በተነችው። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ወንበር ቆሞ «ይህቺ የእኛ ሰፈር ናት!» እያለ ደረቱን ይመታል። ቁንጣሪ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሁሉም ጸጥ እስኪል ጠበቀች፤ ከዚያ ደገመችው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር።

ጭብጨባው ሲፈነዳ ግን ጎንበስ ብላ ከእናቷ ትከሻ ወረደች። «በቃ፣ እንሂድ» አለች። ማንም ቆዪ አላላትም። ሦስቱም በባዶው መንገድ ወደ ቤት አመሩ፤ ሕዝቡ ገና አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ከተማው ሁሉ የነሱ ነው። ቁንጣሪ ጫማዋን አውልቃ በሁለት እጇ ይዛ ከፊት ከፊት ትዘላለች። ጥጉ ጋ ሲደርሱ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሁለት ጊዜ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደግሞ ረጅም፣ እስትንፋሷ እስኪያልቅ።

«ኧረ ልጄ» አለች እናትየው በመጨረሻ፣ «ጆሮዬን ጨረስሽው!»

«ይቅርታ እማዬ» አለች ቁንጣሪ። «ቀስ ብዬስ ልጩኽ?»

«ቀስ ብለሽ ጩኺ።»

ቀስ ብላ ጮኸች። አባቷም ቀስ ብሎ መለሰላት።